ስልክ ባገራችን ከገባ ወዲህ፤ አረጋውያንን ከስልክ አታላዮች ስለ መጠበቅ



ለዘንድሮው መጽሔታችን ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ዕድራችን ድንኳንና ወንበር አገዛዝ ታሪክ ለመጻፍ ነበር። ይሁን እንጂ በአንዲት እናታችን ላይ የደረሰው ነገር ከልባችን አልወጣ ስላለ ያንን ለሌላ ጊዜ አቆይተን ስለ ስልክ ለመጻፍ ተነሣን። «ዕድርንና ስልክን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን በደንብ ይገናኛሉ ባዮች ነን። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ያገራችን አቆጣጠር ነው።

ከስልክ በፊት ወሬ እንዴት ይመጣ ነበር?

ከስልክ በፊት ወሬ የሚመጣው በሰው እግር ነበር። መልእክተኛ ሲመጣ ቁጭ በል ይባላል፤ ውሃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ከየት እንደ መጣ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ላከው ይጠየቃል። ደብዳቤ ከያዘ ማኅተሙ ይታያል። የነገሥታቱ ማኅተም የሚያርፈው በደብዳቤው ራስ ላይ ነበር፤ አንባቢው ቃሉን ሳያነብ በፊት የማን ቃል እንደ ሆነ ይወቅ ማለት ነው። እኛም በመዝገብ ቤት ያገለገልነው በዚሁ ደንብ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያላሟላ ወረቀት ቢመጣ «መልሰህ ውሰድ» ይባላል እንጂ ፋይል ውስጥ አይገባም። ያመጣው ሰው ቢቆጣም፣ ቢለምንም፣ «ጌታዬ ናቸው የላኩኝ» ቢልም ደንቡ ደንብ ነበር።

ክፉ ወሬ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይብስ ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አባል በመካከላችን የለም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ አነጋገር የሚያውቅ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ባለ ኀዘኑ ቤት ተደርሶ ነው የሚረዳው። ለብቻው ያለን ሰው በድንገት መርዳት ነውር ነው። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ክፉ ነገር በሰማ ጊዜ ልቡ ከሱ ጋር አይሆንም፤ ራሱን ሊጎዳ፣ የያዘውን ሊጥል፣ ያሉትን ሁሉ እሺ ሊል ይችላል። ስለዚህ የሚደግፈው ሰው ከአጠገቡ እንዲኖር ግድ ነው።

የዕድር ጡሩምባም ከዚሁ የመጣ ነው። ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ «እገሌ ዐርፈዋል፤ ቀብር በዚህ ሰዓት» ሲል ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። ውሸት ቢናገር ነገ የሚገባበት የለውም። በአጭሩ፣ በዚያን ጊዜ ወሬ ባለቤት ነበረው ማለት ነው።

ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአሜሪካ የስልክን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1868 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 1876) ነው። በዚያው ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉራ ከግብጽ ጦር ጋር ይዋጉ ነበር። የሰው ድምፅ በሽቦ መሄድ ሲጀምር የኛ ሰው ጦር ሜዳ ላይ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ መሣሪያው ወደኛ ለመምጣት ብዙ አልቆየም።

እንደሚነገረው ስልክን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን ናቸው፤ ወደ ኢጣሊያ ሄደው ሲመለሱ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል። ደጃዝማች መኰንን ኢጣሊያ የሄዱት ለምን ነበር? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል ጉዳይ ነው። ያ ውል ደግሞ 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በኢጣሊያንኛ ሌላ ነገር የሚል ነበር። እንግዲህ ስልክና ትልቁ ማታለል ወደ አገራችን የገቡት በአንድ ሰሞን፣ ከአንድ አገር ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

መኳንንቱና ካህናቱ ስልኩን አይተው «ሰው የሌለበት ድምፅ የሰይጣን ነው» ብለው እንደ ነበርና ዐፄ ምኒልክ ግን እንዳልሰሟቸው ሲነገር እንሰማለን። ይህ ሲወራ እኛ ወጣቶች ሳለን እንስቅ ነበር። «ወይ የድሮ ሰው!» እንል ነበር። ዛሬ ግን በነዚያ ካህናት መሳቅ ትተናል። መሣሪያው ሰይጣን አለመሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ፊቱ የማይታይ ድምፅ ሲናገር «ማነህ?» ብሎ መፍራት ሞኝነት አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ መሣሪያውን አስገቡ፤ ደግ አደረጉ። ካህናቱ ድምፁን ተጠራጠሩ፤ እነሱም ደግ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራፍ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱም የልደት ዘመኑን የሚቆጥረው ከዚሁ ነው።

ስልክ የመንግሥት ድምፅ በነበረበት ዘመን

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ በየመንግሥቱ ስሙ እየተለወጠ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሕዝቡ ግን ከጥንት ጀምሮ «ቴሌ» ብቻ ነው የሚለው።

ዛሬ 75 ወይም 80 ዓመት የሆናቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ልጆች በነበሩበት ጊዜ ስልክ የት ነበር? ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ባንክ፣ የባለጸጋ ቤት። በክፍለ ሀገር ደግሞ ቴሌ ጣቢያ ተሄዶ፣ ለኦፕሬተሯ ተነግሮ፣ ወረፋ ተጠብቆ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ስልክ ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። በመንደር አንድ ቤት ስልክ ካለ የመንደሩ ሁሉ ስልክ እሱ ነው። «ስልክ ይፈልግሃል» ሲባል ነጠላ ሳይታጠፍ፣ ጫማ ሳይደረግ ነበር የሚሮጠው። የሚደውለውም ወይ መንግሥት ነው፣ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው ታሟል። ለጨዋታ የሚደውል አልነበረም፤ ሒሳብ አለው።

ከዚያ ዘመን ሦስት ልማዶች ቀሩ። አንደኛ፣ በስልክ የሚናገር ሰው ባለ ሥልጣን ነው ማለት። ሁለተኛ፣ በስልክ የተባለ ነገር አጣዳፊ ነው ማለት። ሦስተኛ፣ የሰው ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ስድብ ነው ማለት። አንድ ሽማግሌ ስልክ ሲያነሡ ቀጥ ብለው ተቀምጠው «አቤት! እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ?» ሲሉ አይተን ይሆናል። ይህ ሁሉ ጨዋነት ነው። ሌባው የሚገባውም በዚሁ በጨዋነት በር ነው። እነዚህ ሰዎች የሚታለሉት ስለ ጃጁ አይደለም፤ ስልክ የከበረ ነገር በነበረበት ዘመን ስላደጉ ነው።

ስልክ ኪስ የሆነበት ዘመን

በ1991 ዓ.ም. ሞባይል በአዲስ አበባ ተጀመረ። መጀመሪያ የያዙት ጥቂቶች ነበሩ፤ ቀበቶ ላይ ታስሮ ይታይ ነበር። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባው ባለ 6 አኃዝ የስልክ ቁጥር ቀርቶ ቁጥሩ ሁሉ ባለ 10 አኃዝ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መስፋፋቱ እንደ ጎርፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ ከ80 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተገልጿል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ስለ ጀመረ ሁለተኛ ድርጅት አለ።

ማታለል ግን ከሞባይል ጋር አልተፈጠረም። የኛ ዘመን ሰው መርካቶ የነበረውን ያስታውሳል። አንዱ መንገድ ላይ «ወርቅ» ይጥላል፤ ሌላው አብሮህ ያነሣል፤ «አብረን ነው ያገኘነው፤ ድርሻዬን ስጠኝና አንተ ውሰደው» ይልሃል። ገንዘብህን ሰጥተህ ቤትህ ስትደርስ ወርቁ መዳብ ነው። ያን ጊዜ ግን ሌባው ቢያንስ ፊቱ ይታይ ነበር። መርካቶ ያልሄደ ሰው አይታለልም፤ ቤቱ የተቀመጠ አሮጊት ዘንድ ሌባው አይመጣም ነበር።

ሞባይል ሲመጣ ሌባው አጥር መዝለል ቀረለት። መጀመሪያ የመጣው የካርድ ማታለል ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል፤ ሽልማቱን ለመላክ ካርድ ገዝተው ይፋቁና ቁጥሩን ይንገሩን» ይላሉ። የሚጠፋው የካርዱ ዋጋ ነበር፤ ሰው ተናዶ ይረሳዋል። ነገር ግን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ፤ ባንኮችም ሒሳብን በስልክ ማንቀሳቀስ አስለመዱ። የቴሌብር ተጠቃሚ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንክድም። ጡረታችንን ለማውጣት ቀኑን ሙሉ የምንሰለፍበት ዘመን እንዲመለስ አንፈልግም። ነገር ግን ድሮ በመቀነት ጫፍ የሚቋጠር፣ ከሣጥን ሥር የሚቀመጥ ገንዘብ ስልክ ውስጥ ገባ። ስልኩ ኪስ ሆነ። ኪስ ከሆነ ደግሞ ኪስ አውላቂ ይመጣል።

ሕጉስ ምን ይላል? ሰውን አታሎ ገንዘብ መውሰድ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ወንጀል ነው። በኮምፒውተር መሣሪያ ለሚሠራውም አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጥቷል። ሕግ አለ ማለት ነው። ሕጉ ግን የሚሠራው የተበደለ ሰው ሲናገር ነው። ችግሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

በዕድራችን የደረሰው

ስማቸውን አንጠራም። ታሪኩን እንድንጽፍ ፈቅደዋል፤ «ስሜን ብቻ ተውልኝ» ነው ያሉን። እኚህ እናት 26 ዓመት በዕድራችን ሲኖሩ አንድም ወር መዋጮ አሳልፈው አያውቁም ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሴት ልጃቸው ዐረብ አገር የሰው ቤት እየሠራች ትልክላቸዋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከባንክ ነው የምንደውለው» ይላል፤ ትሑት የሆነ የወጣት ድምፅ ነው። ስማቸውን ያውቃል። «ልጅዎ የላከችው ገንዘብ ተይዟል። ሒሳብዎ ዛሬ እስከ 6 ሰዓት ካልታደሰ ይዘጋል። አሁን በስልክዎ ቁጥር ይመጣል፤ ያንን ያንብቡልኝ። ለራስዎ ደኅንነት ለማንም እንዳይነግሩ።» እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ጠሩ፤ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ልጁ ለትልቅ ሰው በመታዘዙ ደስ ብሎት ቁጥሩን አንድ ባንድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ወዲያው 38,000 ብር ሄደ። ከልጃቸው ላብና ከባለቤታቸው ተዝካር የተረፈ ገንዘብ ነበር።

«አመስግኖኝ ነው የዘጋው። እኔም መርቄው ነበር እኮ» አሉን።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንጻፍ። የመዋጮውን መዝገብ የምንይዘው እኛ ነን። እኚህ እናት በ1ኛው ወር ቀሩ፤ በ2ኛውም ቀሩ። በ26 ዓመት ውስጥ ያልሆነ ነገር ሲሆን «ምን አግኝቷቸው ይሆን?» ብለን ቤታቸው መሄድ ይገባን ነበር። እኛ ግን ቀይ እስክሪብቶ አንሥተን በደንቡ መሠረት ቅጣት ጻፍንባቸው። እሳቸውም ከጎረቤት ተበድረው ቅጣቱን ከፈሉ፤ ቃል አልተነፈሱም። ደረሰኙን የቆረጥንላቸው በእጃችን ነው። ፊታቸው መክሳቱን አይተናል፤ የጾም ነው ብለን አለፍነው። መዝገቡ ነገሩን ከሁሉ በፊት ነግሮን ነበር፤ እኛ ቁጥሩን እንጂ ሰውየዋን አላነበብንም።

በ4ኛው ወር ባለቤታችን ቡና ልትጠጣ ሄዳ ሳለ ነው ስቅስቅ ብለው አልቅሰው የነገሯት። ለምን እንደ ደበቁ ስትጠይቃቸው «ልጄ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ጃጀች ብለው ስልኬን ቢነጥቁኝስ? ሰው ቢስቅብኝስ?» አሏት። ለባንኩና ለፖሊስ ሲመለከት ጊዜው አልፎ ነበር፤ ገንዘቡ በዚያው ቀን ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ተዘዋውሮ ወጥቷል። በዕለቱ ቢናገሩ ኖሮ የተወሰነው ይተርፍ ይሆን ነበር። ኮሚቴው ቅጣቱን ሰርዞ ገንዘቡን መልሶላቸዋል፤ እኛም ይቅርታ ጠይቀናል። 38,000 ብሩ ግን አልተመለሰም።

መታለል ውርደት ነውን?

እዚህ ላይ ወደ ውጫሌ እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። አማካሪ ነበራቸው፤ አስተርጓሚ ነበራቸው፤ ውሉን በማኅተማቸው አጽድቀዋል። ያም ሆኖ ተታለሉ። የአማርኛው ቃል ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ «ይቻላቸዋል» የሚል ሲሆን፣ ኢጣሊያ ግን ግዴታ አስመስላ ለዓለም አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ያወቁት ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲመጣ ነው፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን «በኢጣሊያ በኩል ጻፉ» የሚል መልስ መጣ።

ንጉሡ ታዲያ ምን አደረጉ? «እንዴት ተታልያለሁ ብዬ ለሕዝቤ እነግራለሁ» ብለው ደበቁን? አልደበቁም። በ1883 ዓ.ም. ለኢጣሊያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጽፈው ስሕተቱን አመለከቱ፤ በዚያው ዓመት ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን ጨርሰው አፈረሱ። ከዚያም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ አፍረው ዝም ቢሉ ኖሮ ያ ማታለል ውል ሆኖ ይጸና ነበር።

እንግዲህ ንጉሠ ነገሥት ከነአስተርጓሚያቸው የተታለሉበት አገር ላይ አንዲት ማንበብ የማይችሉ እናት ቢታለሉ ምን ያስገርማል? ማፈር ያለበት ያታለለው ነው። የተታለለ ሰው የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ሌባው ሲወስድበት፣ ሁለተኛ እኛ ስንስቅበት። የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ማስቀረት አንችል ይሆናል። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ማቆም እንችላለን።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ከላይ ከጻፍናቸው ካባቶቻችን ደንቦች ውስጥ ይገኛል። ልጆች ለወላጆቻቸው፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ደጋግሞ ቢነግር ይበቃል።

1ኛ፤ መርዶ ለብቻ አይነገርም። «ልጅዎ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ነው፤ ቶሎ ብር ይላኩ፤ ለማንም አይንገሩ» የሚል ስልክ ሲመጣ «ለማንም አይንገሩ» የሚለው ቃል ራሱ ሌባውን ያጋልጠዋል። ደኅና ሰው ክፉ ወሬ ነግሮ ብቻህን ሁን አይልም። ወዲያው ስልኩን ዘግቶ ጎረቤት መጥራት ነው።

2ኛ፤ ማኅተም አይዋስም። የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣው ቁጥር የያንዳንዱ ሰው ማኅተም ነው። ማኅተምህን የያዘ ሰው በስምህ ይፈርማል። ይህንን ቁጥር በስልክ ደውሎ የሚጠይቅ እውነተኛ ባንክ የለም፤ ባንኮቹም ይህንኑ ደጋግመው ያሳስባሉ። ለልጆቻችንም እንንገራቸው፦ አሮጊት ቁጥር አንብብልኝ ብትልህ አንብብላት፤ ስልክ ላይ ሌላ ሰው ካለ ግን አታንብብ።

3ኛ፤ መልእክተኛው ይጠየቃል። የደወለው ሰው «ቆይ፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ» ይባልና ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ የሚደወለው እሱ በሰጠው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ነው። ለዚህ የሚረዳ ወረቀት በትልልቅ ፊደል ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ የልጆች፣ የቅርብ ጎረቤት፣ የባንኩ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ቁጥር። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የልጃቸውን ቁጥር በስልካቸው ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ሲነኩ እንዲደወል አድርጎ ማስለመድ ይቻላል። የሌባ ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር እንዳልሆነም ይነገራቸው።

4ኛ፤ ያልቆረጡት ሎተሪ አይደርስም። ሽልማት ለመቀበል አስቀድሞ ክፈሉ የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ከውጭ አገር ዕቃ ተልኮልዎ ጉምሩክ ተይዟል፤ ማስለቀቂያ ይላኩ የሚለውም ያው ነው።

5ኛ፤ «በስሕተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ ይመልሱልኝ» የሚል ሲመጣ የመጣው መልእክት አይታመን፤ መልእክት ማንም ይጽፋል። ቀሪ ሒሳብ በራስ ስልክ ይታይ። በእውነት ገብቶም ቢሆን መልሱ «ባንክህ ሄደህ አመልክት» ነው። እዚያው ላይ ተጣድፎ መላክ አያስፈልግም።

6ኛ፤ የቤት ቃል ይኑር። ዛሬ በኮምፒውተር የሰውን ድምፅ አስመስሎ መናገር ተችሏል። ስለዚህ የልጅን ድምፅ መስማት ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ከቤት ሰው በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ጥያቄ ይምረጥ፤ «በልጅነትህ የነበረችን ላም ስሟ ማን ነበር?» ዓይነት። ጥያቄውን ያልመለሰ ልጅ አይደለም።

7ኛ፤ ነገሩ ከደረሰ ሰዓት አይባክን። ወዲያው ባንኩ ሒሳቡን እንዲያግድ መንገር፣ የመጣውን መልእክትና ቁጥር ሳያጠፉ ለፖሊስ ማመልከት ነው። እሑድ ቢሆን፣ ማታ ቢሆን፣ ለነገ ማሳደር የለም።

ለልጆች የምንለው አንድ ነገር አለ። ወላጃችሁ ሲታለሉ ስልካቸውን አትንጠቁ፤ አትጩኹባቸው። ስልኩን የነጠቃችሁ ዕለት ከእናንተ ጋር የሚያገናኛቸውን ክር በጠሳችሁ፤ የጮኻችሁ ዕለት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታለሉ እንዳይነግሯችሁ አደረጋችሁ። ይልቅስ ዋናው ገንዘብ ከስልክ ጋር ባልተገናኘ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ፣ በስልክ የሚንቀሳቀሰው የወር ወጪ ብቻ እንዲሆን ተመካከሩ። ውሳኔው የሳቸው ነው፤ እናንተ አማካሪ ናችሁ።

ለዕድራችንም ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየወሩ ስብሰባ ላይ «ሰሞኑን ምን ዓይነት ስልክ መጣ?» ተብሎ ለ5 ደቂቃ ይነገር፤ አንዱ የሰማውን ሁሉ ይስማ። ሁለተኛ፣ ዕድራችን በስልክ መዋጮ እንደማይጠይቅና ያለ ደረሰኝ እንደማይቀበል በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ነገ ሌባው በዕድሩ ስም እንዳይደውል። ሦስተኛ፣ ዘወትር የሚከፍል ሽማግሌ አንድ ወር ቢቀር ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰዎች ቤቱ ሄደው ይጠይቁ። ይህን ሦስተኛውን የምናቀርበው ከራሳችን ጥፋት ተምረን ነው።

ዕድር የተቋቋመው ሰው በክፉ ቀኑ ብቻውን እንዳይሆን ነው። ክፉ ቀን ዱሮ የሞት ቀን ብቻ ይመስለን ነበር። ዛሬ አንዲት እናት በቤቷ ተቀምጣ፣ ስልክ በጆሮዋ ይዛ፣ «ለማንም አይንገሩ» የሚባሉበት ሰዓትም ክፉ ቀን ነው። በዚያ ሰዓት የሚጠሩት ጎረቤት እንዲኖራቸው ማድረግ የዕድራችን ሥራ ነው።

እኚያ እናታችን አሁን ስልክ ሲደወልላቸው «ማን ልበል?» ይላሉ፤ ካላወቁት «ጎረቤቴን ልጥራ፣ ቆይ» ይላሉ። ሌባ ከሆነ እስኪጠሩ አይጠብቅም፤ ራሱ ይዘጋዋል።

ለሁላችንም መጪውን ዘመን የጤናና የሰላም ያድርግልን።